ባረጁ ሚኒባስ ታክሲዎች ውስጥ ስለሚታይ የመብራት ጉድለት
(በመገናኛና በገርጂ አካባቢ የተደረገ ምልከታ)

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከመገናኛ ወደ ቦሌ፣ ወደ ገርጂ፣ ወደ ሲኤምሲና ወደ አያት የሚመላለሱትን ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡ ሚኒባሶች የማያውቅ አንባቢ አይኖርም። ከእነዚህም እጅግ የሚበዙት የቶዮታ ኩባንያ «ሃይኤስ» ብሎ የሚጠራቸው ናቸው። ይህ ዓይነት መኪና መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን፣ ዛሬ በመንገዳችን ላይ ከሚሠሩት መካከል ዕድሜያቸው ከእኛ ከጸሐፊዎቹ ዕድሜ የሚበልጥ ጥቂት አይደሉም። ሞተራቸው ተፈትቶ ይገጠማል፤ ጎማቸው ይለወጣል፤ ገላቸው ይቀባል። የኤሌክትሪክ ሽቦአቸው ግን ከጣሪያው ልባስ በስተ ጀርባ ስለ ተሸሸገ የሚያስታውሰው የለም፤ የሚነካውም አንድ ነገር በጠፋ ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በውስጥ በኩል ያለውን የተሳፋሪዎች መብራትና ጉድለቱ የሚፈለግበትን መንገድ ነው።

ወደዚህ ጥናት የገባነው አስበንበት አይደለም። ባለፈው ነሐሴ ወር አንድ ምሽት፣ 2 ሰዓት ገደማ፣ ዝናቡ ሳያባራ ከመገናኛ ወደ ገርጂ በሚሄድ ታክሲ ተሳፍረን ነበር። ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር የኋላውና የመካከለኛው መብራት ይደበዝዛል፤ መንገዱ ሲያንገጫግጭ ደግሞ ጭራሹን ይጠፋል። በዚህ መካከል አንድ ሽማግሌ «መቶ ብር ነው የሰጠሁህ» አሉ፤ ረዳቱም «ሃምሳ ነው አባባ» አለ። ማን እውነቱን እንደ ተናገረ በዚያ ጨለማ ሊታወቅ አልቻለም። ከጎናችን የተቀመጡት እናት ቦርሳቸውን በደረታቸው አቅፈው «ሁለተኛ በዚህ ታክሲ አልሳፈርም» ሲሉ ሰማናቸው። ሾፌሩ ይህንን ሰምቶ በጣም አዘነ። ከወረድን በኋላ ስንጠይቀው፣ አምፖሎቹ ሁለት ጊዜ እንደ ተለወጡ፣ ባትሪውም አዲስ እንደ ሆነ፣ በመጨረሻም አንድ ሠራተኛ አምፖሎቹን አውጥቶ «ኤል ኢ ዲ» የተባለውን አዲስ ዓይነት መብራት እንደ ገጠመለት ነገረን። «የማታ ሥራዬን አጣሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ ልጆቼ?» አለን። እኛም እሑድ ቀን እንድናየው ፈቃዱን ጠየቅን። ገንዘብ እንደማንቀበል ሲያውቅ ፈቀደልን፤ ነገር ግን እንዳናበላሸው ደጋግሞ አስጠነቀቀን።

አስቀድሞ የመብራቱን መንገድ መግለጽ ያስፈልጋል። የእነዚህ መኪናዎች ባትሪ 12 ቮልት ይባላል። በውስጡ ያሉት ስድስት ክፍሎች እያንዳንዳቸው 2.1 ቮልት ያህል ስለሚሰጡ፣ በሚገባ የተሞላና ያረፈ ባትሪ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ይሆናል። 12 ቮልት ብቻ ካሳየ ግን ሊያልቅ የተቃረበ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ዲናሞው ስለሚሞላው ልኩ ወደ 14 ቮልት ይወጣል። ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ የተነሣው ሽቦ በፊውዝ ውስጥ ያልፍና በጣሪያው ሥር እስከ መብራቶቹ ድረስ ይዘረጋል። በብዙ የቶዮታ መኪናዎች በፊውዙ ሣጥን ክዳን ላይ ይህ ፊውዝ «ዶም» የሚል ጽሑፍ አለው። ሰዓቱና የሬዲዮው ማስታወሻም ብዙ ጊዜ የሚመገቡት ከዚሁ ነው፤ ስለዚህ የውስጥ መብራት ሁሉ በአንድነት ጠፍቶ ሰዓቱም ከሞተ፣ አምፖል ከመፍታት በፊት ፊውዙን ማየት ይበቃል። በዚህ ሽቦ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ ቁልፉ ተነቅሎ መኪናው በቆመበት ሌሊት እንኳ አይቋረጥም። ይህንን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ወደ መብራቱ የሄደው ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። ለመመለሻው ግን የተለየ ሽቦ እስከ ባትሪው ድረስ አይዘረጋም፤ የመኪናው የብረት ገላ ራሱ እንደ ሽቦ ሆኖ ይመልሰዋል። ባለሙያዎቹ ይህንን «ማሳ» ይሉታል። ቃሉ እንደ ካቻቪቴ፣ እንደ ፒንሳና እንደ ፍሬቻ ሁሉ ከጣልያንኛ የተወረሰ ነው፤ የጋራዡ ቋንቋ ምን ያህል ከጣልያንኛ እንደ ተዋሰ ለብቻው ሊጠና የሚገባው ጉዳይ ይመስለናል። ከመካከላችን አንዱ የባሕር ዳር ልጅ ስለ ሆነ፣ ወደ ዘጌ ገዳማት መንገደኛ በሚያመላልሱት የሞተር ጀልባዎች ላይ ነገሩ ሌላ እንደ ሆነ ገልጾልናል። ጀልባው ከእንጨት ወይም ከፋይበር የተሠራ ከሆነ ገላው ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ በዚህ ምክንያት ለእያንዳንዱ መብራት ሁለት ሽቦ፣ አንዱ መሄጃ አንዱ መመለሻ ይዘረጋለታል። በባሕር ላይ በሚሄዱ ያረጁ የመዝናኛ ጀልባዎችም እንደዚሁ ነው፤ እዚያ ጨዋማው አየር በየመጋጠሚያው እየገባ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል። በእኛ ከተማ ጨዋማ አየር የለም፤ ነገር ግን የሦስት ወር ክረምትና የሚያፈስ ጣሪያ አለ። የመኪናው ባለቤት ማሳውን እንደ ሽቦ ስለማይቆጥረው፣ ያ የብረት መንገድ ሲዝግ አምፖሉን ይወቅሳል።

ስለ ጉድለቱ ዓይነት ከሦስት የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ጠይቀን የተረዳነው በአጭሩ ይህ ነው። አንዱ መብራት ብቻ ጠፍቶ ሌሎቹ ደኅና ከሆኑ፣ ነገሩ ከአምፖሉ ወይም አምፖሉ ከሚቀመጥበት ቦታ አያልፍም። በእጅ ሲበራ የሚሠራ፣ በር ሲከፈት ግን የማይበራ ከሆነ፣ በበሩ መቃን ላይ ያለችው ትንሽ ቁልፍ ናት፤ በሩ ሲከፈት ማሳውን የምታገናኘው እርስዋ ነች። ሁሉም በአንድነት ከደበዘዙ ባትሪው ወይም የጋራው ሽቦ ይጠረጠራል። አንዱ ዕቃ ሲሠራ ሌላው የሚለወጥ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ፍሬቻው በበራ ቁጥር የጣሪያው መብራት ከእርሱ ጋር የሚርገበገብ ከሆነ፣ ሁለቱ በአንድ የተበላሸ መመለሻ ላይ ተጣብቀዋል ማለት ነው። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስት ነው።

እሑድ ጧት ታክሲውን ገርጂ አንድ ግቢ ውስጥ አቁመን ሥራ ስንጀምር፣ ይህንን ሁሉ ሰምተን ሳለ ተሳሳትን። የኋላውን መብራት አውጥተን በገመዱ ሁለት ጫፎች ላይ የቮልት መለኪያውን ስናስቀምጥ 12.3 አሳየን። ባትሪው ራሱ ሲለካ 12.4 ነበር። «ኤሌክትሪኩ እስከዚህ ደርሷል፤ ስለዚህ ጥፋቱ የመብራቱ ነው» ብለን ደመደምንና ሁለት ሰዓት ሙሉ የመብራቱን ጫፎች በብርጭቆ ወረቀት ስንፈገፍግ ዋልን። መልሰን ስንገጥመውና ፍሬኑ ሲረገጥ ያው ደበዘዘ። ሾፌሩ በር ላይ ቁጭ ብሎ ያየናል፤ ምንም አይናገርም። ዝምታው ከስድብ ይልቅ ከበደን።

ያን ጊዜ በአጠገቡ ካለ ጋራዥ አንድ ጎልማሳ ባለሙያ ሊጎበኘን መጣ። ያደረግነውን ነገርነው። መለኪያችንን አየና ሳቀ፤ «እርሱ እኮ አይጠጣም፤ ይቀምሳል እንጂ» አለን። ሄዶም አንድ 21 ዋት የሆነ አሮጌ የፍሬን አምፖል ሁለት ሽቦ የተበየደበት አምጥቶ «በዚህ ጠይቁት» ብሎ ሰጠን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲጂታል የሆነው መለኪያ በውስጡ ብዙ ሚሊዮን ኦም መከላከያ ስላለው ከመስመሩ የሚስበው ኤሌክትሪክ ከቁጥር አይገባም። የዛገ መጋጠሚያ ደግሞ ጉዳቱ የሚታየው ብዙ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ብቻ ነው። በከፊል የተደፈነ የውሃ ቧንቧን ማሰብ ይቻላል፤ ቧንቧው ተዘግቶ ሳለ ግፊቱ ሙሉ ነው፤ ሲከፈት ግን ውሃው ይንጠባጠባል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ጀርመናዊው ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ሕግ በቃላችን አጥንተናል፤ በመጋጠሚያው ላይ የሚጠፋው ቮልት የመከላከያው መጠን በሚያልፈው አምፔር ሲባዛ ነው። በፈተናም ሙሉ ነጥብ አግኝተንበታል። አምፔሩ ዜሮ ከሆነ የሚጠፋውም ቮልት ዜሮ እንደሚሆን ግን በዚያች ዕለት ብቻ ገባን።

አሮጌውን አምፖል በዚያው ገመድ ላይ አገናኝተን ስንለካ፣ 12.3 ይል የነበረው ቁጥር ወደ 10.5 ወረደ። ቀጥሎ የሚጠየቀው፣ የጎደለው ቮልት የጠፋው በመሄጃው ነው ወይስ በመመለሻው? የሚል ነበር። ባለሙያው እንዳሳየን፣ የመለኪያውን አንዱን ጫፍ በረጅም ሽቦ ቀጥለን በባትሪው አሉታዊ ጫፍ ላይ አሠርን፤ ሁለተኛውን በኋላው መብራት የማሳ ገመድ ላይ አስነካን። ማሳው ደኅና ቢሆን ኖሮ በዚህ ላይ ዜሮ ወይም ከ0.1 እስከ 0.2 ቮልት መታየት ነበረበት። ሌላው መብራት ሁሉ ጠፍቶ የውስጡ ብቻ ሲበራ 0.2 አሳየ። ሾፌሩን «ፍሬን ያዝልን ጋሼ» አልነው። ቁጥሩ ወደ 3.3 ዘለለ፤ መብራቱም በዚያው ቅጽበት ሊጠፋ ተቃረበ።

ከዚህ በኋላ ገመዱን በእጅ እየተከተሉ መሄድ ብቻ ነበር የቀረው። ከኋላው በር አጠገብ፣ ከፕላስቲኩ ልባስ በስተ ውስጥ፣ ቀደም ሲል የሠራ ማንነቱን የማናውቀው ሰው የመካከለኛውንና የኋላውን መብራት ማሳ ከሁለቱ የፍሬን መብራቶች ማሳ ጋር በናስትሮ ጠቅልሎ በአንዲት ብሎን አሥሮአቸዋል። ብሎኗ የተጠበቀችው ቀለሙ ሳይፋቅ ነው። ዝናቡ በበሩ ጎማ በኩል እየገባ በላይዋ ሲያልፍ ኖሮ ከሥሯ ያለው ብረት ቅርፊት ሆኗል። መከላከያውን ስናሰላው 1.2 ኦም ያህል ሆነ። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ የሁለቱ የፍሬን አምፖሎች መከላከያ በአንድነት ግን 3.4 ኦም ገደማ ብቻ ስለ ሆነ፣ ከባትሪው ከሚመጣው ቮልት ሩብ ያህሉን ብሎኗ ትበላው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ውስጡ መብራት የጀመርነው ነገር ወደ ሌላ ተለወጠብን። የሽቦ ልብ ያለው አምፖል ቮልቱ በጥቂት ሲቀንስ ብርሃኑ የሚቀንሰው በብዙ ነው፤ ቮልቱ ከመቶ 10 እጅ ቢጎድል ብርሃኑ ከመቶ 30 እጅ ያህል ይጎድላል። በዚህ ታክሲ የፍሬኑ መብራቶች ከ12.4 ቮልት 9.1 ብቻ ያገኙ ስለ ነበር፣ ይሰጡት የነበረው ብርሃን ከሚገባቸው ሲሶ ቢሆን ነው። ሾፌር የራሱን የፍሬን መብራት አያይም። በነሐሴ ዝናብ፣ በማታ፣ ከኋላው የሚመጣው የጭነት መኪና ሾፌር ደግሞ ይህ ታክሲ ተሳፋሪ ለማውረድ መቆሙን የሚያውቀው በእነዚያ በሁለት ቀይ መብራቶች ነው። ሁላችንም የተማረርንበት የጣሪያው መብራት መደብዘዝ ይህንኑ ሲነግረን ከርሟል፤ ሦስት ሰዎች ግን አፉን ለማዘጋት ሠሩ እንጂ አልሰሙትም።

በተለይ «ኤል ኢ ዲ» የተባለው ለውጥ ነገሩን ይበልጥ ሸፍኖታል። ይህንን ስንል ዕቃውን መንቀፋችን አይደለም። አንድ 10 ዋት አምፖል 0.8 አምፔር ያህል ሲፈልግ፣ ያንኑ የሚያህል ብርሃን የሚሰጠው ኤል ኢ ዲ በ1 ወይም በ2 ዋት ይሠራል፤ ታክሲ ሞተሩን አጥፍቶ ተራ በሚጠብቅበት ሰዓት ለባትሪው ዕረፍት ነው። ነገር ግን የሚስበው ትንሽ ስለ ሆነ በዛገው ብሎን በኩል እንኳ ያለ ችግር ይበራል፤ ባለቤቱም «ተሠራልኝ» ብሎ ይሄዳል። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው የሚጋለጠው። ለ12 ቮልት የሚሠራው ነጭ ኤል ኢ ዲ ሦስት ሦስት እየሆነ በተከታታይ የታሠረ ሲሆን፣ እያንዳንዱ 3 ቮልት ያህል ካላገኘ አይበራም። ከ9 ቮልት ሲወርድ እንደ አምፖሉ ቀስ ብሎ አይቀላም፤ ይጠፋል። ሌላም ጠባይ አለው፤ አዎንታዊውና አሉታዊው ከተገለበጠ ብዙ ጊዜ ጭራሹን አይሠራም። አምፖል ግን ግራ ቀኝ አይመርጥም። በዚህ ምክንያት አዲስ ኤል ኢ ዲ አልበራ ሲል ከመጣሉ በፊት አገላብጦ መሞከር ይገባል።

ጥገናው ከፍለጋው ይልቅ አጭር ነበር። ብሎኗን ፈትተን ብረቱን ነጭ እስኪሆን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅነው። የገመዶቹን ጫፍ ቆርጠን አዲስ ቀለበት ያለው ጫፍ በፒንሳ ጨምቀን ገጠምን። ጥርስ ያለው ዋሸር ከሥሩ አገባን፤ ካጠበቅነው በኋላም እርጥበት እንዳይገባ ላዩን ቫዝሊን ቀባነው። የውስጡን መብራቶች ማሳ ከፍሬኑ ለይተን በሌላ ብሎን ላይ አሠርን። እንደ ገና ፍሬን አስይዘን ስንለካ 3.3 የነበረው 0.1 ሆነ። ለዚህ ሁሉ የወጣው ገንዘብ ከአንድ አምፖል ዋጋ አይበልጥም። ባትሪው በከንቱ ነው የተለወጠው።

ልንሄድ ስንል ባለሙያው «ፊውዙን አይታችኋል?» ብሎ ጠየቀን። አላየነውም ነበር፤ መብራቱ ስለሚበራ ፊውዙ ደኅና ነው ብለን ነበር። ሣጥኑ ሲከፈት በ«ዶም» ቦታ የተቀመጠው ፊውዝ መካከሉ ተቃጥሎ በሁለቱ እግሮቹ ላይ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ሾፌሩም አልካደም፤ አንድ ቀን በጉዞ ላይ ሳለ ተቃጥሎበት ረዳቱ እንዳደረገው ነገረን። ይህ ልማድ ብዙ እንደ ሆነ ባለሙያዎቹ ሁሉ ይናገራሉ፤ አንዳንዱ የሲጋራ ፓኮ ብራ ወረቀት፣ አንዳንዱም ምስማር ያደርግበታል። ፊውዝ የተሠራው ሽቦው ሳይቃጠል በፊት እርሱ እንዲቃጠል ነው። የጣሪያው ሽቦ ቀጭን ነው፤ በ10 አምፔር ፊውዝ የሚጠበቅ መስመር ልባሱ ተልጦ ገላውን ቢነካ ፊውዙ በቅጽበት ይቆርጠዋል። በመዳብ ጥምጥም ፋንታ ግን ባትሪው በመቶ የሚቆጠር አምፔር ሊሰድድበት ይችላል፤ ሽቦውም በጥቂት ሰኮንዶች ይግላል። ያ ሽቦ የሚያልፈው በተሳፋሪዎች ራስ ላይ፣ በጨርቅና በስፖንጅ መካከል ነው። ከላይ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን የጠየቅነው ለዚህ ነው፤ ይህ መስመር ቁልፉ ተነቅሎ፣ ሾፌሩ ቤቱ ተኝቶ ሳለ እንኳ ኤሌክትሪክ አለበት። ልባሱን ጥቂት ከፍተን ስናይ ከመካከለኛው መብራት አጠገብ አንድ ቦታ የሽቦው ፕላስቲክ ቀልጦ ከጎረቤቱ ጋር ተጣብቋል። መቼ እንደ ቀለጠ ማንም አያውቅም። ያንን ክፍል ቆርጠን በአዲስ ተካነው፤ ሽቦው በብረቱ ቀዳዳ በሚያልፍበት ቦታም የጎማ ቱቦ አለበስነው። ሾፌሩ ረዳቱን 10 አምፔር ፊውዝ እንዲያመጣ ልኮት ሁለት ገዝቶ መጣ፤ ሁለተኛው ለመጠባበቂያ በሣጥኑ ክዳን ውስጥ በናስትሮ ተለጠፈ።

ሲመሽ ታክሲውን ጀርባውን ወደ ግቢው ግንብ አዙረን አቆምነው። ከእኛ አንዱ ገብቶ ፍሬኑን ረገጠ፤ ሾፌሩ ከኋላ ቆሞ አየ። ግንቡ ቀላ። «ይህን ያህል ይበራ ኖሯል እንዴ?» አለ፤ ቆየት ብሎም «ባለፈው ዓመት ኮተቤ ላይ ከኋላ የገጨኝ ሰው ‹አላየሁህም› ሲል ውሸታም ብዬው ነበር» አለን። ያ ግጭት የደረሰው በዚህ ምክንያት ይሁን አይሁን ዛሬ ሊታወቅ አይችልም።

የተንሸራታቹ በር ቁልፍ ገና አልተሠራም፤ ስፕሪንጓ ስለ ተሰበረ መብራቱ በር ሲከፈት አይበራም፣ በእጅ ነው የሚበራው። ሾፌሩም ረዳቱ እንዲያበራው አዞ ከማግሥቱ ጀምሮ ወደ ማታ ሥራው ተመልሷል።